ፕሮፖሊስ፦ ንብ ከዛፍ የምትለቅመው ሙጫ ምን ይዟል? ምንስ ይሠራል?

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ ቪዲዮዎች ስሙ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ የቀፎ ውጤት አለ፤ ፕሮፖሊስ ወይም የንብ ሙጫ። ጠቆር ባለች ትንሽ ጠርሙስ በጠብታ መልክ ይሸጣል። አንዱ ሻጭ ለጉሮሮ ነው ይላል፣ ሌላው ለጨጓራ፣ ሌላው ለስኳር፤ ደፋሩ ደግሞ ለካንሰር ይለዋል። አዳማ ላይ ማር የሚገዛ ሰው ማሩን ከነሰፈፉ ያውቀዋል፤ ነጩን ከቀዩ ለመለየት ማንንም አይጠይቅም። ሙጫው ላይ ሲደርስ ግን መመዘኛ የለውም። ወይ ሻጩ ያለውን እንዳለ ይቀበላል፣ ወይ ሁሉንም ውሸት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ጥያቄ የያዘ ሰው አብዛኛውን ወሬ ራሱ መመዘን ይችላል። አንደኛው፣ ሙጫው ከየትኛው ዛፍ መጣ? ሁለተኛው፣ ተሞከረ የሚባለው የት ላይ ነው? በላቦራቶሪ ሳህን ነው? ቆዳና አፍ ላይ ተቀብቶ ነው? ወይስ ሰው ውጦት ነው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ንብ ሙጫ ምን ያደርግላታል?

ንብ ከደጅ ወደ ቀፎ የምታመጣው ወለላ፣ የአበባ ብናኝ፣ ውሃና ሙጫ ነው። ሦስቱ ይበላሉ ወይም ይጠጣሉ። ሙጫው አይበላም፤ የሚመጣው ለቤት ሥራ ነው።

ብዙ ዛፎች ቅርፊታቸው ሲቆስል ወይም እምቡጣቸው ገና ሳይፈነዳ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣሉ። ዛፉ ይህን የሚያዘጋጀው ራሱን ሊከላከልበት ነው፤ በቁስሉ ሻጋታ እንዳይገባበት፣ ለጋውን እምቡጥ ነፍሳት እንዳይበሉበት። ንቧ የዛፉን መከላከያ ወስዳ ለራሷ ቤት ታውለዋለች። ከቀፎው ሠራተኞች መካከል በዚህ ሥራ ላይ የሚሰማሩት ጥቂቶች ናቸው። የሚወጡትም ቀኑ ሞቅ ሲል ነው፤ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ቆንጥሮ ማንሳት አይቻልም። ንቧ በመንጋጋዋ ነጥቃ በፊት እግሮቿ እያሸች ወደ ኋላ እግሮቿ ቅርጫት ታስተላልፈዋለች፤ የአበባ ብናኝ የምትሸከመውም በዚሁ ቅርጫት ነው። ቀፎ ስትገባ ግን ሸክሟን ራሷ ማውረድ አትችልም፤ ተጣብቋል። ሌሎች ሠራተኞች መጥተው በመንጋጋቸው እየጎተቱ ቁራሽ በቁራሽ ይነቅሉላታል። አንዳንዴ ይህ ብቻውን ሰዓታት ይፈጃል። የነቀሉትን ከሰም ጋር ያሹና ወደሚፈለግበት ቦታ ይወስዱታል።

የሚፈለግበት ቦታ በመጀመሪያ ስንጥቅ ነው። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ክፍተት ለመተላለፊያ ይተዉታል፤ ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል። ዘመናዊ ቀፎ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ክዳኑ ሲነሳ «ጧ» ብሎ ይላቀቃል፤ ፍሬሞቹ ጫፍና ጫፋቸው ተጣብቆ ብረት ገብቶ ካልፈለቀቃቸው አይወጡም። መግቢያው ቀዳዳ ሰፍቶ ከሆነም ንፋስና ጠላት እንዳይገባ በሙጫ ያጠቡታል። አይጥ ወይም እንሽላሊት ገብቶ በንድፊያ ሲሞት ደግሞ በድኑን ጎትተው ማውጣት ስለማይችሉ ዙሪያውን በሙጫ ይሸፍኑታል። በድኑ ቀፎው ውስጥ ሳይበሰብስና ሳይሸት ደርቆ ይቀራል።

ሙጫው ከመድፈኛነት ያለፈ ሥራ እንዳለው በግልጽ ያሳየው የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ነው። የአንዳንድ ቀፎዎችን ውስጠኛ ግድግዳ በሙጫ ቀብተው ንቦቹን ካልተቀባ ቀፎ ንቦች ጋር አወዳደሩ። ሙጫ በተቀባው ቀፎ ያደጉት ንቦች ላይ የባክቴሪያው ብዛት ያነሰ ነበር፤ በሽታን የሚከላከሉት ዘረ መሎቻቸውም ሥራቸው ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ዝቅ ማለቱ ጥሩ ምልክት ነው። ግድግዳው ስለጠበቃቸው የንቦቹ ሰውነት ለመከላከል የሚያወጣው ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው። ከዚሁ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እጮችን የሚያደርቅ የሻጋታ በሽታ የገባባቸው ቀፎዎች ሙጫ ለቃሚዎቻቸውን እንደሚያበዙ አሳየ። ንቦቹ ሕመም ሲገባ ወደ ዛፉ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ንብ ይህንን መድኃኒት አትውጠውም፤ ግድግዳ ትቀባበታለች። ሥራውን የሚሠራው በሚነካው ቦታ ላይ ነው።

ቁራሹ ሲመረመር ውስጡ ምን አለ?

ከቀፎ ክዳን ላይ የተፋቀ የንብ ሙጫ እጅ ላይ ሲያዝ እንደ ምንጩ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫማ ወይም ጥቁር ቡናማ ሊሆን ይችላል። የተሰባበረ የንብ ክንፍ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ የሰም ቅንጣት ይታይበታል። ጠጋ ብለው ሲያሸቱት የማር፣ የሰምና የዛፍ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። አሰላ ላይ በማለዳ ብርድ ቢይዙት እንደ ድንጋይ ይሰበራል፤ ያንኑ ቁራሽ አዳማ አውርደው ከቀትር ፀሐይ ላይ ቢያቆዩት በጣት ይለመጣል። ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከፍ ሲል ይጣበቃል። አብዛኛው የሚቀልጠው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ነው።

መጽሐፍ ላይ በተለምዶ የሚጠቀሰው ድርሻ ይህ ነው፦ ግማሹ ያህል የዛፍ ሙጫ፣ 30 በመቶው ሰም፣ 10 በመቶው ሽታ የሚሰጡ ተናኝ ዘይቶች፣ 5 በመቶው የአበባ ብናኝ፣ ቀሪው 5 በመቶ ማዕድናትን ጨምሮ ልዩ ልዩ ነገር። ይህ አማካይ ነው፤ በእያንዳንዱ ቀፎ ይለያያል። ሰሙን ንቧ ከራሷ ሰውነት ታወጣዋለች። ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ግን የዛፉ ድርሻ ነው።

በዚያ ድርሻ ውስጥ እስካሁን ከ300 በላይ ውህዶች ተለይተዋል። ሁሉንም ስም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሦስት ቤተሰቦችን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ፍላቮኖይድ ነው። ለአበባና ለፍራፍሬ ቀለም ከሚሰጡት፣ በሻይ ቅጠልና በሽንኩርት ውስጥም ከሚገኙት የዕፅዋት ውህዶች ወገን ነው። ፒኖሴምብሪን፣ ጋላንጂንና ክሪሲን የሚባሉት በአውሮፓ ፕሮፖሊስ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ሁለተኛው ፌኖሊክ አሲዶችና ከእነሱ የሚወለዱት ኤስተሮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሳይንቲስቶች አብዝተው ያጠኑት ካፌይክ አሲድ ፌኔቲል ኤስተር የሚባለውን ነው፤ ባጭሩ ኬፕ ይሉታል። ስሙ ከቡና ስም ጋር ቢመሳሰልም የሚያነቃው ካፌይን አይደለም። ሦስተኛው ቤተሰብ ተርፒን ነው፤ ለባሕር ዛፍ፣ ለጥድና ለዕጣን ሽታቸውን የሚሰጡት ውህዶች የዚህ ቤተሰብ ቀላል አባላት ናቸው። ከባድ የሆኑት አባላቱ ትራይተርፒን ይባላሉ፤ እነዚህ አይተኑም።

የብራዚሉና የእኛው አንድ ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታም ይኸው ነው።

ሁለት ቤት የተጠመቀ ጠላ ሁለቱም ጠላ ነው፤ ግን የአንዱ ቤት ብቅል ከገብስ፣ የሌላው ከዳጉሳ ሊሆን ይችላል፣ ጌሾው፣ ውሃው፣ ጋኑም ይለያያል። አንዱን ቤት ጠጥቶ ስለሌላው ቤት ጥንካሬ መመስከር አይቻልም። ፕሮፖሊስም እንዲሁ ነው። ንቧ ያው ንብ ናት፣ አሠራሯም ያው ነው፤ ዛፉ ግን ከአገር አገር ይለወጣል።

በአውሮፓና በሌሎች ቀዝቃዛ አገሮች ንቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ፖፕላር ዛፍ እምቡጥ ነው። ለዚህ ነው የዚያ አገር ፕሮፖሊስ በፍላቮኖይድና በኬፕ የበለጸገው። ብራዚል ውስጥ ዝነኛው አረንጓዴ ፕሮፖሊስ የሚመጣው ባካሪስ ከሚባል ቁጥቋጦ ለጋ ቡቃያ ነው፤ መለያ ውህዱ አርቴፒሊን ሲ ይባላል፣ በፖፕላሩ ውስጥ ግን አይገኝም። እዚያው ብራዚል በባሕር ዳርቻው ዳልበርጊያ ከሚባል ተክል የሚለቀም ቀይ ፕሮፖሊስ አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ኩባ ላይ ክሉሲያ፣ በፓስፊክ ደሴቶች ማካራንጋ፤ እያለ ይቀጥላል።

ከአፍሪካ በተወሰዱ ብዙ ናሙናዎች ውስጥ የጎላው ድርሻ የትራይተርፒኖች ነው፤ አሚሪንና ሉፒኦል የሚባሉት ደጋግመው ይገኛሉ። አሚሪን በዕጣንና በከርቤ ዘመድ ዛፎች ሙጫ ውስጥም በብዛት ያለ ውህድ ነው። በአገራችንም ጥናቱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ሥራ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲና ከአሰላ የንብ ማነቢያ ጣቢያዎች የተወሰደ ፕሮፖሊስን ተናኝ ውህዶች አወዳድሯል። አሰላ ከአዳማ በመኪና የአንድ ጠዋት መንገድ ናት፤ ያም ሆኖ በዚያ መንገድ ላይ ብቻ የዛፉ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ በመስኮት ማየት ይቻላል። አዳማ ዙሪያ ግራርና ቁንዶ በርበሬ ነው። ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ ጭላሎ ግርጌ ሲወጣ ባሕር ዛፉ፣ ብሳናው፣ ጥዱ ይመጣል። የቆላው ቀፎና የደጋው ቀፎ ከአንድ ዛፍ ሊለቅሙ አይችሉም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ «ፕሮፖሊስ ይህን እንደሚያደርግ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ዜና ሲመጣ የተጠናው ምናልባት የብራዚሉ አረንጓዴ ወይም የአውሮፓው ፖፕላር ነው። ውጤቱ በቀጥታ ኢተያ ላይ ወደተፋቀው ሙጫ አይሻገርም። ሁለተኛ፣ ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ፕሮፖሊስን በፍላቮኖይድ መጠን ብቻ የሚለካ ደረጃ በትራይተርፒን የበለጸገውን «ደካማ» ሊለው ይችላል፤ መለኪያው የተቆረጠው ለሌላ ዛፍ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ ሙጫ በራሱ መለኪያ ሊጠና ይገባዋል። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ከቀፎው የሚፋቀውን ሙጫ ሳታውቀው ስትጥል መኖሯ ያንገበግባል።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ግን አለ። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናሙናዎች አንድ ላይ ሲፈተሹ ኬሚካላቸው የማይገናኝ ሆኖ ሳለ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ባክቴሪያንና ፈንገስን ይከላከላሉ። የሚለያየው መሣሪያው ነው፤ ሥራው ይመሳሰላል። ንቧ የምትፈልገው አንድን ሞለኪውል ሳይሆን የሚጣበቅና የሚከላከል ሙጫን ስለሆነ ባለችበት አገር ያንን የሚሰጣትን ዛፍ ታገኛለች።

ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለውስ?

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ አዎን። ስታፊሎኮከስ ኦሬስ የሚባለው ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ፣ ጥርስ የሚያበሰብሰው ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ፣ በአፍና በብልት ነጭ ሽፋን የሚያወጣው ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በፕሮፖሊስ ንጥረ ነገር እድገታቸው ይገታል፤ መጠኑ ከበዛም ይሞታሉ። ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ የመሳሰሉት ባክቴሪያዎች ላይ ግን ኃይሉ በጣም ይዳከማል። ምክንያቱ የባክቴሪያዎቹ አሠራር ነው። ሁለተኛው ወገን ከግድግዳው ውጭ አንድ ተጨማሪ የስብ ሽፋን አለው፤ የሙጫው ውህዶች ያንን ለማለፍ ይቸገራሉ። የመጀመሪያው ወገን ይህ ሽፋን ስለሌለው ውህዶቹ የሴሉን ገለፈት ይረብሹታል፣ ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጉታል፣ ኃይል የሚያመርትበትንም ያስተጓጉላሉ። ስለዚህ «ለማንኛውም ኢንፌክሽን» የሚለው ማስታወቂያ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር እንኳ አይሄድም።

እብጠትንና መቅላትን ያበርዳል የሚባለውም መነሻ አለው። ኬፕ በሴል ውስጥ የመቆጣት ምልክት የሚያስተላልፈውን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚያግድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። የካንሰር ሴሎችንም በሳህን ላይ ያዳክማል። ሆኖም ሳህን ላይ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። ፕሮፖሊስ የሰውን ካንሰር ፈውሷል የሚል በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ማስረጃ የለም። ይህን ተስፋ ለታመመ ሰው መሸጥ ጭካኔ ነው፤ ሕክምናውን አቋርጦ ጠብታ ወደ መቁጠር የሄደ ሰው የሚያጣው ጊዜ መመለሻ የለውም።

በሳህንና በሰውነት መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከሆድ ነው። የተዋጠው ፍላቮኖይድ በአንጀት የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ የገባውንም ጉበት ወዲያው ለውጦ ለማስወገድ ያዘጋጀዋል። ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን ሳህኑ ላይ ከተደፋው ጋር አይነጻጸርም። ቆዳ ላይ ወይም አፍ ውስጥ ሲሆን ግን ንጥረ ነገሩ ሳይለወጥ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ በሽታው ያለበትን ቦታ ይነካል።

በሰው ላይ የተሞከረውስ ምን አሳየ?

ጥሩ የሚባለው ማስረጃ የሚገኘው በመነካካት በሚሠራበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ሙከራ የብልት ኸርፐስ ያለባቸውን 90 ሰዎች ለሦስት ቡድን ከፈለ። 30ዎቹ የፕሮፖሊስ ቅባት፣ 30ዎቹ አሲክሎቪር የተባለው የታወቀው የኸርፐስ መድኃኒት ቅባት፣ 30ዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ቅባት ተሰጣቸው። በ10ኛው ቀን ከፕሮፖሊሱ ቡድን 24፣ ከአሲክሎቪሩ 14፣ ከባዶው ቅባት 12 ሰዎች ድነው ተገኙ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን 30 ሰው ትንሽ ነው፤ ቅባቱም በታወቀ መጠን በፋብሪካ የተዘጋጀ እንጂ ቤት ውስጥ የተቀመመ አልነበረም። በካንሰር ሕክምና ምክንያት አፋቸው ለሚቆስል ሕሙማንም የፕሮፖሊስ መጉመጥመጫ ሕመሙን እንደሚያለዝብ ያሳዩ በርከት ያሉ ትናንሽ ሙከራዎች አሉ። እዚህ ላይ የሚታከመው የአፍ ቁስሉ ነው፤ ካንሰሩ አይደለም።

ወደ መዋጡ ስንመጣ ማስረጃው ይሳሳል። በኮሮና ወቅት ብዙ የተወራለት የብራዚል ሙከራ ሆስፒታል የተኙ 124 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ የወሰዱት እንደወሰዱት መጠን በ6 ወይም በ7 ቀን፣ ያልወሰዱት በ12 ቀን ገደማ ከሆስፒታል ወጡ። ይሁንና ሐኪሙም ሕመምተኛውም ማን ምን እንደወሰደ ያውቁ ነበር። እንዲህ ባለ ሙከራ ላይ «ይህ ሰው ይውጣ» የሚለው ውሳኔ በተስፋ ሊዘነብል ይችላል፤ ኦክስጅን የማስፈለጉ ነገር ላይም ግልጽ ልዩነት አልታየም። የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ላይም ጥቂት ሙከራዎች ሲደመሩ የደም ስኳር መጠነኛ መቀነስ ይታያል። መጠነኛ ነው፤ የሐኪም መድኃኒት የሚያስጥል አይደለም።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 አምራቾች ለፕሮፖሊስ ያቀረቡለትን የጤና ጥቅም መግለጫዎች መርምሮ ምክንያትና ውጤቱ አልተረጋገጠም ሲል አልተቀበላቸውም። ፕሮፖሊስ በዚያ ገበያ የሚሸጠው እንደ ምግብ ማሟያ ነው።

ውሃ ውስጥ ብዘፈዝፈውስ?

ከግራር ግንድ ላይ የደረቀውን ሙጫ ውሃ ውስጥ ብናስቀምጠው ቀስ ብሎ ይሟሟል። የንብ ሙጫ በተመሳሳይ ብርጭቆ ቢያድር ከታች እንደተቀመጠ ያድራል። የግራሩ ሙጫ ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ስለሆነ ውሃ ይወዳል፤ የንቧ ሙጫ ግን የዘይትና የሰም ወገን ነው። ትኩስ ሻይ ውስጥ የተጨመረ ቁራሽም ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ለአጣቢ ጣጣ ከመሆን አልፎ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው አምራቾች አልኮል የሚጠቀሙት። ሙጫው ይቀዘቅዛል፣ ይፈጫል፣ 70 በመቶ ገደማ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ለቀናት እየተነቀነቀ ይቆያል፣ ከዚያ ሰሙና ቆሻሻው ይጠለላል። ጠርሙሱ የሚጠቁረውም ብርሃን ውህዶቹን ስለሚጎዳቸው ነው። የቤት አረቄ ጉልበቱ ከዚህ በጣም ስለሚያንስ የሚያወጣውም ያንሳል። ከመድኃኒት ቤት ለቁስል መጥረጊያ የሚሸጠው አልኮል ደግሞ እንዳይጠጣ ተብሎ ሌላ ነገር ሊጨመርበት ስለሚችል በእሱ የተዘጋጀ ጠብታ ፈጽሞ ወደ አፍ መግባት የለበትም። ጠርሙስ ላይ «30 በመቶ» ተብሎ ሲጻፍም ይጠየቅ፦ 30 በመቶ የተጠለለ ንጥር ነው ወይስ ሲዘፈዘፍ የነበረው ጥሬ ሙጫ ከነሰሙ? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

ጣዝማስ?

ብዙ ሰው ጣዝማ ማርንና ፕሮፖሊስን ያምታታል። ጣዝማ የምትሠራው መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት። እነዚህ የማይናደፉ ንቦች ማራቸውን የሚያስቀምጡት በንጹሕ ሰም ውስጥ ሳይሆን ሰምና የዛፍ ሙጫ ደባልቀው በሚሠሯቸው ትናንሽ እንስራዎች ነው። ስለዚህ ማሩ ራሱ ከሙጫ ጋር ተገናኝቶ ይቆያል። ያም ሆኖ ማር ነው፤ ጠብታ ተደርጎ የሚሸጠው ፕሮፖሊስ ግን የተናዳፊዋ የማር ንብ ሥራ ነው።

ሊጎዳ ይችላል?

ይችላል፤ ዋናው ጉዳት አለርጂ ነው። ለዓመታት ቀፎ የሚፍቁ አናቢዎች እጅ ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ በሕክምና የታወቀ ነው። የሚያስቆጡት በተለይ የካፌይክ አሲድ ኤስተሮች ናቸው፤ ከጥቅሙ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። ቅባቱን ሊጠቀም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል። አፍ ላይ ካቃጠለ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያው ማቆምና ሕክምና ቦታ መሄድ ነው። አስም ያለበት ሰው ወይም የንብ ውጤት ከዚህ በፊት ያስቆጣው ሰው ቢተወው ይመረጣል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እርጉዝ የሆነች፣ ለሕፃን ልትሰጥ ያሰበች እናት ሐኪም ሳያማክሩ ባይጀምሩት መልካም ነው፤ ለሕፃን ደግሞ አልኮሉ ብቻውን ምክንያት ይበቃል።

ሁለተኛው ስጋት ከአካባቢ የሚመጣ ነው። የሚጣበቅ ነገር አቧራና ጭስን ይሰበስባል፤ በሌሎች አገሮች በተመረመሩ ናሙናዎች ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት የተገኘባቸው አሉ። ንቦች የዛፍ ሙጫ ሲያጡ ያልደረቀ ቀለምና የመንገድ ሬንጅ ጭምር ሲለቅሙ ታይተዋል። አዳማን የሚያቋርጠው የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሌት ተቀን የማይለየው ነው። አውራ ጎዳና ዳር ወይም ጋራዥ አጠገብ ከተቀመጠ ቀፎ የተፋቀ ሙጫ ወደ አፍ የሚገባ አይደለም።

ቀፎ ያለኝ ሰውስ ምን ላድርግ?

ከአንድ ቀፎ በዓመት የሚገኘው ሙጫ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 150 ግራም ይጠቀሳል። ስለዚህ ጥራቱ ነው ዋጋ የሚያወጣው። ከፍሬምና ከቀፎ ወለል የተፋቀው ሰም፣ ቀለምና ስንጣሪ ይበዛበታል። የተሻለው መንገድ ከክዳኑ ሥር የሚነጠፍ፣ ለምግብ የተፈቀደ የፕላስቲክ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ለመተላለፊያ የጠበቡ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ። ክዳኑን በትንሽ ጭራሮ ከፍ አድርጎ ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ ሲደረግ ንቦቹ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይደፍኗቸዋል። ሲሞላ ወንፊቱ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርገው ሲያጣጥፉት ሙጫው እየተሰባበረ ይረግፋል። አዳማ ላይ ይህ ሥራ በጠዋት ማለቅ አለበት፤ ረፋዱ ሞቆ ከለሰለሰ ወንፊቱን አይለቅም። ቀፎው ላይ የምስጥ ወይም የንብ ቅማል መድኃኒት ተረጭቶ ከነበረ የዚያ ወቅት ሙጫ አይሰበሰብም። ከረጢቱ ላይ የቀፎው ቦታ፣ የተሰበሰበበት ወርና በዙሪያው ያሉት ዛፎች ስም ይጻፍበት፤ ነገ የሚገዛው ሰውም ሆነ የሚመረምረው ላቦራቶሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።